ፎርሙን ማን ሞላው?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላፍቶ እህቴ ቤት ቡና ተጠራሁ። ቡናው ሰበብ ነው፤ የተጠራሁት ለሸንጎ ነበር። የእህቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን፣ ሁሉም በአንድነት የሚማረውን የፍሬሽማን ትምህርት አጠናቃ፣ የምህንድስና ትምህርት ክፍል የምትመርጥበት ቀን ደርሷል። ቅጹ በእኛ ጊዜ እንደነበረው በእስክሪብቶ የሚሞላ ወረቀት መሆኑ ቀርቶ ስልኳ ላይ ገብቷል። ስልኩ ግን በእጇ አልነበረም። አባቷ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ ስልኩን ከዓይኑ አርቆ ይዞ፣ እንደ ዳኛ ያነባል፤ እንደ ዳኛም ይፈርዳል።

«አንደኛ ሶፍትዌር። ሁለተኛ ኤሌክትሪካል። ሦስተኛ...»

«አባዬ፣ እኔ እኮ ሜካኒካል ነው የምፈልገው» አለች ልጅቷ ከምንጣፉ ላይ ሆና።

«ሜካኒካል? አምስት ዓመት ተምረሽ ጋራዥ ልትገቢ?»

እህቴ ከረከቦቱ ቀና አለች። «እኔ ልጄን ያሳደግኳት ግሪስ ተቀብታ እንድትገባብኝ አይደለም። ሶፍትዌር ብትማር ቤቷ ተቀምጣ በንጽሕና ትሠራለች፤ በዶላርም ይከፍላሉ አሉ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ ምን ይዘጋሃል? ጋዜጠኛ አይደለህ? ተናገር እንጂ!»

እኔ ምን አልኩ? እሱን መጨረሻ ላይ እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ልጅቷ ልንገራችሁ።

ይህች ልጅ ሜካኒካል ማለቷ ከሰማይ የወረደ ሐሳብ ሆኖባት አይደለም። ሁለት ክረምት ሙሉ ከቤታቸው አጠገብ ካለ ፍሪጅ ጠጋኝ ሱቅ አልጠፋችም። መፍቻ በማቀበል ጀመረች፤ ኮምፕሬሰር ፈትታ በመግጠም ጨረሰች። አንድ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ፣ «ጋሼ፣ ፍሪጅ ብርድ የሚሠራ ይመስልሃል አይደል? ብርድ አይሠራም። ከውስጥ ያለውን ሙቀት ለቅሞ በጀርባው ያወጣዋል እንጂ። እጅህን ከኋላው አድርገህ እየው» አለችኝ። አደረግኩ፤ ይሞቃል። ይህን ሁሉ ዘመን ፍሪጅ ከፍቼ ስዘጋ ሙቀቱ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም ነበር። እሷ ጠይቃለች። የምህንድስና ሀ ሁ ይህ ካልሆነ ሌላ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ይኸው ቤተሰብ ዓምና ሶፋ ገዝቷል። ሶፋውን ለመምረጥ ሦስት ወር ፈጀ። ከጎፋ እስከ መርካቶ ሱቅ ለሱቅ ዞሩ። ስፖንጁን በጉልበታቸው ተጭነው ፈተኑ፤ ገልብጠው ሥሩን አዩ፤ እንጨቱ ዋንዛ ይሁን ጣውላ ሻጩን አስማሉ። የልጃቸውን አምስት ዓመት ግን አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀርብ ጨረሱት። አንዳቸውም ሶፍትዌር መሐንዲስ ሲሠራ አይተው አያውቁም፤ ሜካኒካል መሐንዲስም ሲሠራ አይተው አያውቁም። ሶፋ እንኳ ሳይገለበጥ አይገዛም!

እኔ የምለው እንግዲህ ይህ ነው፦ በእኛ ከተማ ምህንድስና የሚገባ ልጅ ምህንድስናን አይመርጥም፤ ይመረጥለታል። መራጮቹም ሦስት ናቸው። መንግሥት በኮታው፣ ትምህርት ቤት በነጥቡ፣ ቤተሰብ በማዕረግ ጥማቱ። ከልጁ የሚጠበቀው ፊርማ ብቻ ነው። የድሮው ጋብቻ ትዝ ይላችኋል? ሽማግሌ ይላካል፣ ጥሎሽ ይቆረጣል፣ ዳስ ይጣላል፤ ሙሽሮቹ የሚተያዩት በመጨረሻ ነው። እሱን ኋላ ቀር ነው ብለን ተውነው። ልጆቻችንን ከሙያ ጋር የምናጋባው ግን እስከ ዛሬ በዚያው ወግ ነው።

የማወራው ዳር ቆሜ አይደለም። እኔም በዚህ ወግ ተድሬ የተፋታሁ ነኝ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰድኩት በ2001 ዓ.ም. ነው። ያደግኩት ጎፋ ሲሆን፣ ቅጹን የሞላልኝ በአንድ ዓመት የቀደመኝ የሰፈር ልጅ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ስለገባ ዐዋቂ ተብሎ ተጠርቶ። «ሲቪል በል፤ አገሩን አታየውም?» አለኝ። እውነትም አገሩ ይታይ ነበር። የጎተራ ማሳለጫ ገና አዲስ ነው፤ በጀሞ በኩል ኮንዶሚኒየም እንደ እንጉዳይ ይፈላል፤ ቢጫ ኮፍያ ያደረገ ሰው ሲያልፍ እናቶች ያያሉ። እኔ በዚያ ዘመን ግጥምና ታሪክ መጽሐፍ ከእጄ አይጠፋም ነበር። ግን ነጥቤ ጥሩ ስለነበረ «ይህን ነጥብ ይዘህ ታባክነዋለህ?» ተባልኩ። ነጥብ የሚባክን ነገር እንደሆነ ያን ቀን ሰማሁ። ሕይወት ስለመባከኑ ያነሳ ግን አልነበረም።

በ2002 ዓ.ም. ስሙን የማልጠራው አንድ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። የወርክሾፕ መምህራችን በዕድሜ ከእኛ በጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው። ምስኪን ትጉህ ሰው ነበር። የቶርኖ ማሽንን ክፍሎች በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሳለ፣ ይህ ብረቱን ያዞረዋል፣ ይህ ይቆርጠዋል እያለ ያስረዳናል። ማሽኑ ራሱ ከግድግዳው ማዶ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። የሚተክለው ሰው አልመጣማ! ሥዕሉን ገልብጬ አጠናሁ፤ በዚያ ፈተና ጥሩ ውጤት አመጣሁ። ቶርኖ በእውነት ሲዞር፣ ብረቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተጠቅልሎ ሲወድቅ ያየሁት ግን ከዓመታት በኋላ ነው፤ ቄራ ከአንድ ቶርኖ ቤት በር ላይ ቆሜ ዝናብ ሳሳልፍ። አንድ የ17 ዓመት ቢሆነው ልጅ ነበር የሚሠራበት። በልቤ አፈርኩ።

በሁለተኛ ዓመቴ ተባረርኩ። እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ «ለቀቅኩ» ስል ኖሬአለሁ፤ እዚህ ግን እውነቱን ልጻፈው፤ ተባረርኩ። ከዚያ በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ያዝኩ፤ ይኸው በዚህ ብዕር እንጀራዬን እበላለሁ። እናቴ ግን አልተቀበለችውም። እድር ላይ የተነገረ ነገር አይመለስም፤ «ኢንጂነሩ ልጄ» ብላኛለች፣ አለቀ። ጽሑፌ ታትሞ ስሜን ሲያዩ ጎረቤቶቿ ቢጠይቋት «ለጊዜው ጋዜጣ ላይ ነው» ትል ነበር። ይህች «ለጊዜው» የምትባል ቃል እናቴ እስከተቀበረችበት ቀን አብራኝ ኖረች። በእናቴ አልፈርድም። ያ ማዕረግ በዓይኗ ምን ያህል ትልቅ እንደነበረ ስለማውቅ ነው ዛሬ የምጮኸው።

* * *

ለመሆኑ ይህ «ኢንጂነር» የሚባል ነገር እኛ ዘንድ ምንድን ነው? በብዙ አገር የሥራ ስም ነው። በእኛ አገር እንደ ደጃዝማች ከስም በፊት ይገባል። ሠርግ ጥሪ ላይ ይታተማል፤ የመቃብር ድንጋይ ላይ ይቀረጻል። በአንጻሩ ቧንቧ የሚሠራልንን ሰው ስሙን እንኳ አንጠይቅም፤ «ቧንቧ ሠሪው መጣ ወይ?» ነው የምንለው።

ሥሩ ሩቅ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውን እየሰደበ ያደገ ሕዝብ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብ በዐዋጅ ከልክለዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው። ስድቡ ግን ልብሱን ለውጦ ላፍቶ እህቴ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ «ጋራዥ ልትገቢ?»

አባቶቻችን ዘመናዊ የሙያ ትምህርት ሲጀምሩ ከትምህርት ቤቶቻቸው አንዱን «ተግባረ ዕድ» አሉት፤ የእጅ ሥራ ማለት ነው። ስሙ እጅን አላፈረበትም። በ1945 ዓ.ም. የምህንድስና ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1947 የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተከተለ፤ በ1955 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተጨመረ። ያ ዘመን የራሱ ጉድለት ነበረው፤ በሩም ለጥቂቶች ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን «ዕድ» ወደቀና «ኢንጂነር» ተነሣ። ማዕረጉን ወደድነው፤ እጁን ጠላነው።

እንግዲህ ሦስቱን መራጮች በተራ እንያቸው።

መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ሰባ ሠላሳ የሚባል ፖሊሲ አመጣ። ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው መቶ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር ተባለ። ከመቶው 40 ያህሉ ለምህንድስናና ቴክኖሎጂ ብቻ የተቆረጠ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ መንገድ፣ ግድብ፣ ፋብሪካ የሚሻ አገር መሐንዲስ መሻቱ አያስነቅፍም። ነገር ግን መቶኛ በአንድ ስብሰባ ይወሰናል። ቶርኖ በስብሰባ አይወሰንም፤ ይገዛል፣ ይተከላል፣ የሚያስተምርበት ሰው ይሠለጥናል። መቶኛው ቀድሞ ደረሰ፤ እኔ እስክባረር ድረስ ቶርኖው ከሸራው አልወጣም። አርባው እንዲሞላ ከተፈለገ ደግሞ ግጥም የሚያነበውም ልጅ መግባት አለበት። እነሆ እኔ!

ትምህርት ቤት ሁለተኛው መራጭ ነው። በእርግጥ በአሁኑ ጊዜ እንደኛ ጊዜ በገፍ መግባት ቀርቷል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ከመቶ ልጅ ሦስት ያለፈበት አገር እነዚያን ሦስቱን ልጆች እንደ ዘር እህል በመዳፉ ሊይዛቸው ይገባ ነበር፤ የትኛው ለየትኛው መሬት እንደሚስማማ ለይቶ ሊዘራቸው። ይልቁንም ነጥባቸውን እንደ ዋጋ ለጠፈባቸው። ይህን ያህል ካመጣህ ሕክምና፣ ይህን ያህል ካመጣህ ሶፍትዌር፣ ከዚያ ካነሰ የተረፈውን። ወደ ትምህርት ክፍል የሚያስገባው ነጥብ በሆነ ቁጥር ብዙ ወረፋ ያለበት ክፍል «ጎበዞች»ን ይሰበስባል፤ ሌላው ቤት በአኩራፊ ይሞላል። ሜካኒካል ከልቧ የምትፈልግ ልጅ ስትገኝ ደግሞ «ነጥብሽ አንሶ ነው?» ትባላለች። ፍላጎቷ እንደ ውድቀት ተቆጠረባት ማለት ነው።

ሦስተኛው መራጭ እኛ ነን፤ ቤተሰብ። እኛ የምንመርጠው በወሬ ነው። በ2001 ዓ.ም. ወሬው ሲቪል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሲቪል አለ። ምህንድስና ግን አምስት ዓመት ይፈጃል፤ ወሬ አምስት ዓመት አይቆይም። በግንባታው ሙቀት የገቡት ሲወጡ ብዙዎቹ ዲግሪያቸውን በፌስታል ይዘው ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሙ፤ ኮብልስቶን የጠረቡ ምሩቃን ጉዳይ የዚያ ዘመን መነጋገሪያ እንደነበረ አንባቢ አይረሳውም። አሁን ወረፋው ወደ ሶፍትዌር ዞሯል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል፤ በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ያለፉት ከግማሽ በታች ነበሩ። ሶፍትዌር ክፉ ሙያ ነው አላልኩም። ኮምፒውተር ከፍቶ ውስጡን ሲያስብ የሚያድር ልጅ ይግባበት፤ እልል እላለሁ። የምቃወመው ሶፍትዌርን አይደለም፤ ጎረቤት ስለገባበት የሚገባበትን ልጅ፣ ይልቁንም የሚያስገባውን አባት ነው።

* * *

«ለመሆኑ አንድ ልጅ ያልፈለገውን ቢማር አገር ምን ይጎዳል?» የሚለኝ ካለ ከቤቴ ብዙ ሳልርቅ ላሳየው።

የክፍለ ከተማችን ስም ራሱ ከምህንድስና የተገኘ ነው ይባላል። ንፋስ ስልክ፤ ያለ ሽቦ በነፋስ የሚሄድ ስልክ። ሬዲዮ የሚያስተላልፈው ጣቢያ ሲተከል ሕዝቡ ያየውን ነገር በራሱ ቋንቋ ሰየመው። እንዴት ያለ ስም ነው! ማየት እንዲህ ያደርጋል፤ ያየ ሰው ስም ያወጣል።

ወደ ቃሊቲ የሚወርደው የቀላል ባቡር መስመር በዚሁ በንፋስ ስልክና በሳሪስ በኩል ያልፋል። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። ከቻይና ባንክ በተገኘ ብድር፣ በቻይና ተቋራጭ ተሠርቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ከእነዚያ ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫና በጥገና እጦት መቆማቸው ተሰማ። የውጭ ምንዛሪ እጥረት አንዱ ምክንያት ነበር፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ሜካኒካልና ኤሌክትሪካል ምሩቅ ወጣ? በየመድረኩ ጋውን ለብሶ፣ አበባ ታቅፎ፣ ከአባቱ ጋር ፎቶ ተነስቶ? ምሩቁ ሞልቶ ባቡር ከቆመ የጎደለው ቁጥር አይደለም። የጎደለው ባቡሩን ፈትቶ «ይህች ቁራጭ እዚህ ልትሠራ አትችልም ወይ?» ብሎ የሚያድር ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በኮታ አይገኝም። ያ ሰው በልጅነቱ ፍሪጅ ጀርባ እጁን ያስገባ ልጅ ነው።

ሌላም ልጨምር። በምህንድስና ትምህርት ተማሪዎች ወደ ሥራ ቦታ የሚወጡበት የልምምድ ጊዜ አለ። ጥሩ ነገር ነው። የሚወጡት ግን መቼ ነው? አራተኛ ዓመት ላይ! ልጁ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ይመርጣል፤ የመረጠውን ሥራ የሚያየው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እዚያ ደርሶ «አይ፣ ይህስ የእኔ አይደለም» ቢል ወዴት ይመለሳል? ወጣትነቱ አልቋል፤ የአባቱ ገንዘብ አልቋል፤ እናቱ በእድር ተናግራለች። ስለዚህ ዝም ብሎ ይጨርሳል። ከዚያ ዕድሜ ልኩን የማይወደውን ድልድይ ይሠራል። በማይወዱት እጅ በተሠራ ድልድይ ላይ ደግሞ የምናልፈው እኛ ነን።

* * *

ተቃዋሚዎቼን አውቃቸዋለሁ፤ ሁለት ናቸው። ሁለቱንም አከብራቸዋለሁና ልመልስላቸው።

የመጀመሪያው «ምርጫ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ ድሃ አገር ልጆቿን የሚያስፈልጋት ቦታ ትመድባለች» ይላል። እኔ ደግሞ የምለው ሌላ ነው። ሀብታም አገር አንድ ሺህ መሐንዲስ ቢባክንበት ሌላ ሺህ ያመጣል። እኛ ግን በአንድ ዓመት ከመቶ ሦስት ልጅ ያሳለፍን ሰዎች ነን፤ ለማባከን አቅሙ የለንም። ልጅን ከፍላጎቱ ጋር ማገናኘት ለድሃ አገር ቁጠባ ነው። ጎበዝ ገበሬ ጤፍና ማሽላን «ለአገር የሚያስፈልገው ጤፍ ነው» ብሎ በአንድ ማሳ አይዘራም፤ መሬቱን ያያል።

ሁለተኛው ተቃዋሚ የእህቴ ባል ነው። የሱ ነገር ይከብደኛል። «አንተ ልጅ የለህም» አለኝ በዚያ ቅዳሜ፤ «እኔ ሠላሳ ዓመት የሰው መኪና ነድቻለሁ። ልጄ የወደደችውን ትማር ብዬ ነገ ሥራ ብታጣ የሚያበላት ፍቅሯ ነው?» ይህ ሰው ልጁን አይጠላም። ፈርቶ ነው። ልጁ እሱ በቆመበት ፀሐይ እንዳትቆም ፈርቶ ነው። ግን ወንድሜ፣ ፍርሃትህ እውነት ሆኖ ምርጫህ ወሬ ነው! ሶፍትዌር እንጀራ እንደሚሆናት በምን አወቅህ? ማንን ጠየቅህ? የሚበላውማ የሚችል ነው፤ የሚችለውም አብዛኛውን ጊዜ የሚወድ ነው። ያ ፍሪጅ ጠጋኝ ጎረቤትህ ደጃፉ ደንበኛ ጠፍቶበት አይተህ ታውቃለህ? ላም አለኝ በሰማይ ከሚያሰኝ ዲግሪ፣ እጇ ያወቀው ሙያ ላይ ዲግሪ ቢደረብበት ምን ይጎዳሃል?

* * *

ነቅፎ መቀመጥ ቀላል ነው። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣም አይደለም።

ለዩኒቨርሲቲዎች፦ ከአራተኛው ዓመት ልምምድ ላይ ሁለት ሳምንት ብቻ ቆርጣችሁ ወደ መጀመሪያው ዓመት አምጡልን። ተማሪው ቅጹን ከመሙላቱ በፊት አንድ ሳምንት ግንባታ ላይ፣ አንድ ሳምንት ፋብሪካ ወይም ወርክሾፕ ውስጥ ይቁም። ምንም አይሥራ፤ ይይ ብቻ። በዚያ ሁለት ሳምንት የሚሸሽ ይሸሻል፤ የሚቀርም በልቡ ይቀራል። ደግሞም ከየትምህርት ክፍሉ ስም ጎን ስንት የሚሠራ ማሽን፣ ስንት መምህር እንዳለው፣ ዓምና የተመረቁት ዛሬ የት እንደሚሠሩ ጻፉበት። ሶፋ ሻጭ እንኳ ገልብጦ እንጨቱን ያሳያል።

የአዲስ አበባ፣ የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ለአመልካቾች የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና አዘጋጅተዋል። መልካም ነው። ነገር ግን ፈተናው ልጁ ምን ያህል እንደሚያውቅ ብቻ ከጠየቀ ያው የነጥብ ታናሽ ወንድም ነው። አንዲት ጥያቄ ጨምሩበት፤ «እስከ ዛሬ በእጅህ ምን ፈትተህ ገጠምክ?»

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፦ ለ11ኛ ክፍል ልጆቻችሁ ዓመታዊ ሽርሽር ታዘጋጁ የለም? አንዱን ዓመት ከወንጪና ከላንጋኖ አስቀሩና ሰፈራችሁን አሳዩአቸው። የእኛ ክፍለ ከተማ ልጆች የቄራን ቶርኖ ቤቶች፣ የጎፋን ጋራዦች፣ የለቡን ባቡር ጣቢያ፣ የንፋስ ስልክ ፖሊቴክኒክን ወርክሾፕ በእግራቸውና በታክሲ ሊያዳርሱት ይችላሉ። በዚያው ኢንጂነር ያልሆነ ግን የሚሠራ ሰው ምን ያህል እንደሚያውቅ ያያሉ፤ እሱም ትምህርት ነው።

ለወላጆች፦ ልጃችሁ ቅጽ ሲሞላ አጠገቡ መቀመጣችሁ መብታችሁ ነው፤ መምከርም ግዴታችሁ። ብዕሩን ግን መልሱለት። አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፤ «ይህን ሥራ ማን ሲሠራው አየህ?» ካላየ፣ ሂዱና አብራችሁ እዩ። ሶፋ ልትገዙ የሄዳችሁበትን ሩብ ያህል መንገድ ለልጃችሁ ሂዱለት።

ለአንተ ለተማሪው፣ ለአንቺም ደግሞ፦ የማታውቁትን እንደምትፈልጉ አትንገሩን። መጀመሪያ አንድ ነገር ፍቱ። ሬዲዮ ይሁን፣ ብስክሌት ይሁን፣ የእናታችሁ ምጣድ ይሁን፤ መብራቱን ነቅላችሁ ፍቱና መልሳችሁ ግጠሙ። ስትገጥሙ ከተደሰታችሁ ጥሩ ምልክት ነው። ከሰለቻችሁም አትፈሩ፤ እኔ እንደሆንኩት ለሌላ ነገር ተፈጥራችሁ ይሆናል። ያም ቢሆን ወድቃችኋል ማለት አይደለም። «ለጊዜው» የሚባል ሕይወት የለም።

* * *

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። እህቴ «ተናገር እንጂ!» ስትለኝ ምን አልኩ?

«እናንተ ታውቃላችሁ» አልኩ።

አዎን፣ ይህን ሁሉ የማውቀው፣ ቶርኖን በጠመኔ የተማርኩት፣ የተባረርኩት፣ የእናቴን «ለጊዜው» ተሸክሜ የኖርኩት ሰው፣ ቡናዬን ፉት አልኩና «እናንተ ታውቃላችሁ» አልኩ። የሰው ቤት ነው ብዬ ነው። የእህቴ ባል እንዳይቀየመኝ ብዬ ነው። «አንተ ራስህ የት ደረስክና ነው?» እንዳይሉኝ ብዬም ነው። ቅጹ ተሞላ፤ ሶፍትዌር አንደኛ፣ ኤሌክትሪካል ሁለተኛ፣ ሲቪል ሦስተኛ፣ ሜካኒካል አራተኛ። አባቷ ተጫነውና ሄደ። በረካው ሲቀዳ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራ ነበር።

ልጅቷ እስከ ታክሲው ድረስ ሸኘችኝ። መንገድ ላይ ምንም አላለችም። ታክሲው ሲመጣ፣ «ጋሼ፣ አንተ ለምን ዝም አልክ?» አለችኝ። ረዳቱ «ጎተራ፣ ሳሪስ!» እያለ ይጮኻል፤ ጩኸቱን ሰበብ አድርጌ ሳልመልስላት ገባሁ።

ይህን ጽሑፍ እስካስረክብ ድረስ ምደባው አልወጣም። የእህቴ ባል ይህን መጽሔት በየወሩ ገዝቶ ከዳር እስከ ዳር ያነበዋል፤ እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ ራሱን ያገኛል፤ ይቆጣኛልም። ይቆጣ። ለልጅቷ ግን መልስ ነበረብኝ፤ መልሴ ይህ ነው። ዘግይቷል። የእናንተ ልጅ ቅጽ ገና ካልተሞላ ግን አልዘገየም።